የድሮ እትሞችን ወደ ድረ ገጽ ስለ ማዛወር፦ ፒዲኤፍ ይብቃን ወይስ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ ገጽ እንሥራ?

ጥያቄ (ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ ስለ ቡና አመራረትና ስለ አካባቢው ታሪክ የምትጽፍ አነስተኛ የአማርኛ መጽሔት እናዘጋጃለን። እስካሁን እያንዳንዱን እትም በፒዲኤፍ አድርገን በቴሌግራም ስንልክ ቆይተናል፤ ሆኖም በጌራና በጎማ ወረዳዎች ያሉ አንባቢዎቻችን ፋይሉ ዳታ እንደሚበላባቸው፣ በትንሽ ስልክ ላይም ገጹን እያጎሉና እየገፉ ማንበብ እንደሚያደክማቸው ይነግሩናል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ ድረ ገጽ መሥራት እንደሚቻል ሰምተናል። የቀደሙት እትሞች የተጻፉት ዩኒኮድን (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩትን የፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት) በማይከተሉ የግዕዝ ፎንቶች ስለሆነ፣ ሁሉንም ማዛወር ይሻላል ወይስ አዲሶቹን ብቻ?

ምላሽ 1

በመጀመሪያ ጽሑፉ ይስተካከል ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ግን በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ስለሚያስቀምጡ፣ ለዓይን አማርኛ የሆነው ገጽ ለጉግል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ስለ ቡና ፍሬ በሽታ የጻፋችሁትን የሚፈልግ አርሶ አደር ወይም ተማሪ የበሽታውን ስም በትክክል ቢጽፍ እንኳ አያገኘውም፤ ለእኔ ይህ ከዳታው ወጪ የከፋ ጉዳት ነው። እያንዳንዱ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው የራሱን መለወጫ ፕሮግራም ይፈልጋል። አንዳንዶቹ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ የሚገጣጥሙ በመሆናቸው መለወጫው ይስታልና፣ ከለውጡ በኋላ አማርኛን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር እያስተያየ ሊያርመው ይገባል። ይህ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ስለሆነ፣ አንባቢ ደጋግሞ ከሚጠይቃቸው ጽሑፎች ጀምሩ።

ምላሽ 2

ያለ ኔትወርክ የማንበቡን ሥራ የሚሠራው ሰርቪስ ወርከር የሚባለው ፕሮግራም ነው። በብሮውዘሩና በኢንተርኔቱ መካከል ሆኖ፣ እንዲያስቀምጥ የታዘዘውን ገጽ ስልኩ ላይ ያኖራል፤ የሚሠራው ግን በኤችቲቲፒኤስ (አድራሻው https:// ብሎ በሚጀምር፣ በተመሰጠረ ግንኙነት) በሚከፈት ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው መክፈቻም የግድ ኔትወርክ ይጠይቃል። ስለዚህ ለገበያ ጅማ የመጣ ሰው ከተማው ውስጥ ከፍቶት ጌራ ሲመለስ ሊያነበው ይችላል። የአይፎን ተጠቃሚዎች ካሏችሁ አንድ ነገር አስታውሷቸው፦ የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የስልኩ ባለቤት ብሮውዘሩን በተጠቀመባቸው 7 ቀናት ውስጥ ያልነካውን ድረ ገጽ የተቀመጠ መረጃ ይሰርዛል፤ ገጹን ወደ ስልካቸው መነሻ ስክሪን የጨመሩት ግን ይህ አይደርስባቸውም።

ከድረ ገጹ ጋር አብሮ የሚወርድ ፎንት ከመጨመር ተቆጠቡ። የአሁኖቹ አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፎንት ይዘው ስለሚመጡ፣ ለዋናው ጽሑፍ እርሱ ይበቃል። ፎቶዎቹንም ዌብፒ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጧቸው፤ ከተለመደው ጄፔግ ብዙውን ጊዜ ያነሰ ዳታ ይወስዳሉ።

ምላሽ 3

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቴሌግራሙን እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ። አንባቢዎቻችሁ ያሉት እዚያ ነው፤ በፒዲኤፉ ፋንታ የጽሑፉን መግቢያና የገጹን ሊንክ ላኩላቸው።

ማንም ያላነሳው ጉዳይ የድረ ገጹ የውስጥ ፍለጋ ነው። አንዱ ጸሐፊ «በፀሐይ የደረቀ ቡና» ሲል ሌላው «በጸሀይ» ይላል፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ፀን እንደ ጸ፣ ዐንም እንደ አ እንዲቆጥር አድርጉ፤ ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ። ይህን ሳታደርጉ የድሮዎቹን እትሞች ብትለውጧቸው፣ የተለያዩ ሰዎች የጻፏቸው ስለሆኑ ግማሹ ተመልሶ ከፍለጋ ይሰወራል።