በሜዳችን እንጫወት፦ በጋራ ጥያቄያችን ረቂቅ ላይ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከሀዋሳ

እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው እሁድ ስንለያይ በሀዋሳና በዙሪያዋ ያለን የእግር ኳስ ቡድኖች ለአስተዳደሩ የምናስገባውን የጋራ ጥያቄ ረቂቅ እኔ እንድጽፍ ተስማምተን ነበር። ጽፌ ጨርሻለሁ። ግን ሁለት ቀን ሳልልክላችሁ ያዝኩት። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው።

ረቂቁ የሚጀምረው በገንዘብ ነው። ማሊያ የለንም፣ ታኬታ የለንም፣ ለአውቶቡስ የምንከፍለው የለንም ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ በፊት ያስገባናቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ከፋይሉ አውጥቼ ሳነባቸው፣ እነሱም የሚጀምሩት በዚሁ ነው። ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። መልስም አላመጡም። ሦስተኛውን በዚያው መንገድ አስገብተን ምን የተለየ ነገር እንጠብቃለን?

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይለወጥ እላለሁ። «በሜዳችን እንጫወት» ይሁን። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው በአስተናጋጅ ከተሞች ነው። መነሻው ኮሮና ነበር። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት መጣ። ካሜራውን አንድ ቦታ መትከል ስለሚቀል አሠራሩ በዚያው ጸና። ሀዋሳም ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ናት። ሆቴሉም፣ ባጃጁም፣ ዓሣ ቤቱም ተጠቅሟል፤ እሱን አልክድም። ግን አሠራሩ ወደ ታች ወረደ። በከፍተኛ ሊግም በአንደኛ ሊግም ቡድኖች አንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ለመዱ። ከዚያ በታች ያለነውም ይኸው ሀዋሳ እየመጣን ነው የምንጫወተው። የለኩ ልጅ የለኩን ቡድን ለማየት ሀዋሳ መምጣት አለበት። ካልቻለ አያየውም።

ከሻሸመኔ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። የእኛን ጉዳይ እንደ ምስክር አስገቢው። ሻሸመኔ ከተማ በ2015 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ከተማው ሙሉ አደባባይ ወጣ። 2016ን ተጫውቶ ተመልሶ ወረደ። በዚያ ዓመት ሁሉ አንድም የሊግ ጨዋታ ሻሸመኔ ላይ አልተደረገም። የዱራሜው ቡድን ሐምበሪቾም እንደዚያው ነው፤ ከእኛ ጋር ወጥቶ ከእኛ ጋር ወረደ። የዱራሜ ሰው ቡድኑን በትልቁ ሊግ ያየው ወይ በቴሌቪዥን ነው፣ ወይ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ።

እኔ ሀዋሳ ሲጫወቱ መጥቼ አይቻለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ ይዞ መምጣት ይቻላል። አባቴ ግን ጉልበቱ አይችልም። ቤታችን ከሜዳው አጥር ጀርባ ነው። ሕፃን ሆኜ ትከሻው ላይ አድርጎ ሜዳ ያስገባኝ የነበረው እሱ ነው። ቡድናችን ትልቁ ሊግ በገባበት ዓመት ባዶውን ሜዳ እያየ ጨዋታውን በሬዲዮ ሰማ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ከገንዘብ ያዡ

ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ነገ የሚጠይቁንን ዛሬ እኔ ልጠይቅ።

አንድ ቦታ መሰብሰብ ለሩቅ ቡድን ይረክሳል። አንድ ጊዜ ይጓዛል፣ ይቀመጣል፣ ጨዋታውን ጨርሶ ይመለሳል። በደርሶ መልስ ከሆነ፣ አንዴ በራስ ሜዳ አንዴ በተጋጣሚ ሜዳ፣ በየሳምንቱ አውቶቡስ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት አይቻልም። ፌዴሬሽኑ ደግሞ ዳኛና ኮሚሽነር በየከተማው መላክ ሊኖርበት ነው፤ ፖሊስም ያስፈልጋል። ሌላም አለ። የሻሸመኔው ወንድማችን ቅርባችን ነው፤ ክልሉ ግን ኦሮሚያ ነው። በክልል ውድድር አንገናኝም። እሱን በምን እናስገባው?

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጥሩ ጠየቅክ። ይህን ቀድመን ካልመለስን ጠረጴዛው ላይ እንዋረዳለን።

ሁሉም ሊግ ወደ ደርሶ መልስ ይመለስ አንልም። ያ የእኛ ጉዳይም አይደለም፣ አቅማችንም አይደለም። የምንጠይቀው ለራሳችን ደረጃ ብቻ ነው፤ በክልል ውስጥ ለሚደረገው ውድድር። ቱላ የሀዋሳ ክፍለ ከተማ ናት። ለኩም ይርጋለምም ሩቅ አይደሉም። አለታ ወንዶም ቢጨመር ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ቤቱ የሚያድር ቡድን ሆቴል አይከፍልም። የሩቅ ቡድን ሂሳብ ለሩቅ ቡድን ነው፤ ለእኛ አይሠራም።

ሻሸመኔን በዝግጅት ጊዜ በወዳጅነት ጨዋታ እናስገባለን። አንድ ጊዜ እንሄዳለን፣ አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ምስክርነቱ ደግሞ በረቂቁ ውስጥ ይቆያል።

ከለኩ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ

«ሜዳችሁ አይመጥንም» ነው የሚሉን። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ሜትር ይዘን ወጣን። ቁመቱ 97 ሜትር ሆነ፣ ወርዱ 60። የጨዋታው ሕግ ቢያንስ 90 በ45 ይላል። 100 በ64 የሚጠየቀው ለአገሮች ጨዋታ ነው፤ እኛ እሱን አልጠየቅንም። በስፋት እንመጥናለን ማለት ነው።

የጎደለው ሌላ ነው። ግባችን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ወርዱ 7.32 ሜትር መሆን ሲገባው 7.10 ነው። ከፍታው 2.44 መሆን ሲገባው በአንዱ በኩል 2.30 ሆኖ አገኘነው። ይባስ ብሎ አንደኛው እንጨት ሥሩ በስብሷል። ልጅ ቢንጠለጠልበት ላዩ ላይ ይወድቃል። ሳንጠይቅ፣ ሳንጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት መቀየር አለበት። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ።

መስመር የምናሰምረው በኖራ ነበር። ኖራ ዓይን ያቃጥላል። አምና አንድ የ13 ዓመት ልጅ ኳስ ለማስጣል ተንሸራትቶ ፊቱ መስመሩ ላይ አረፈ። ከጀሪካን ውሃ እያፈሰስን ዓይኑን ግማሽ ሰዓት አጠብን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ከዚያ ወዲህ ጄሶ ነው የምናፈስሰው። ረቂቁ ላይ «ኖራ» የሚለው «ጄሶ» ተብሎ ይስተካከል።

ሌላው የእንሰቱ ነገር ነው። በሜዳው በአንድ በኩል አጥር የለም፤ የሰው ጓሮ ነው፣ እንሰት። ኳስ እዚያ ስትገባ ልጆቹ ተንጋግተው ይገባሉ። ቅጠሉ ይቀደዳል፣ ለጋው ይሰበራል። እንሰት ደግሞ ዘንድሮ ተተክሎ ዘንድሮ የሚበላ አይደለም። ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ባለቤቷ አንዲት እናት ናቸው። ኳሷን ራሳቸው አውጥተው፣ ጭቃዋን በቅጠል ጠርገው ይሰጡናል። አንድም ቀን አልተቆጡንም። እኔ ግን እያፈርኩ ነው የምቀበላቸው። በዚያ በኩል ከፍ ያለ መረብ ይዘርጋ። ይህ ከማሊያው በፊት ይጻፍልኝ።

ከቱላ፣ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ

ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሴቶች» የሚለውን ቃል ያገኘሁት አንድ ቦታ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ። ይቅር በሉኝ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት። ሀዋሳ ከተማ ክለብ ገብታ ተጫወተች። ከዚያ ደደቢት፣ ከዚያም ማልታ ድረስ ሄደች። ልጆቼ ሁሉም ስሟን ያውቃሉ። ከትንሽ ከተማ ተነስቶ እዚያ መድረስ እንደሚቻል እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እሷን ስላዩ ግን ያምናሉ። እነዚህ ልጆች ልብስ የሚቀይሩት ሁለት ሴቶች ነጠላ ዘርግተው ከልለውላቸው ነው። ለሽንት የሰው በር ያንኳኳሉ። በዚህ ምክንያት ሁለት ልጆች አቁመዋል። አንደኛዋ ግራኝ ናት። እንደ እሷ ኳስ አንስታ የምታሻግር ልጅ በእጄ አልገባችም። ቤቷ ድረስ ሄጄ እናቷን ለመንኩ። «መጸዳጃ ሲሠራ ትመጣለች» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?

የምጠይቀው ይህን ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ መጀመሪያ ሴቶች ይጫወቱ፣ ቀጥሎ ወንዶች። አምቡላንሱም ያው ነው፣ ኮሚሽነሩም ያው፣ ፖሊሱም ያው። ወጪ ይጨምራል የሚል ካለ ያሳየኝ። መልበሻ ክፍሉና መጸዳጃው ደግሞ ከመረቡ በላይ ይጻፍ።

ከለኩ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ

ይጻፍ። ከመረቡ በላይ ይሁን። መጀመሪያ እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ከይርጋለም፣ የቀድሞ ተጫዋች

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ተባረኩ።

ሲዳማ ቡና በፕሪሚየር ሊግ ይርጋለም ላይ ይጫወት የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። ጊዮርጊስ ይርጋለም መጥቶ ተጫውቷል። የጨዋታ ቀን ከተማው ከጠዋቱ ሌላ ነበር። እናቶች ጀበናቸውን ይዘው ይወጣሉ። ባጃጆቹ ከአፖስቶ ሰው ሲያመላልሱ ይውላሉ። ሰፈር ውስጥ በጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ስሙን በሬዲዮ የሚሰሙትን ተጫዋች ከአውቶቡስ ሲወርድ በዓይናቸው ያዩ ነበር። ሀዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ሲበላም እንደዚሁ ነበር። ዋንጫ ከአዲስ አበባ ውጭ ሊወጣ እንደሚችል ልጆቻችን አዩ። ልጅ ያየውን ነው የሚመኘው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ «የገበያ ቀን ይሁን፣ ሰው ይሰበሰባል» ብላችሁ ነበር። አይሆንም። በገበያ ቀን ሰው ከብት እየነዳ ነው የሚመጣው። ሴቶቹ ሸክም አለባቸው። ማን ቆሞ ያያል? መንገዱ ይዘጋል፣ አምቡላንስ ማለፍ ያቅተዋል። ከብቱም ሜዳው ላይ ነው የሚያርፈው። እሁድ ይሁን። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ምሳውን ይበላል፣ በ9 ሰዓት ወንዶቹ ይጀምራሉ። ሴቶቹ ከዚያ በፊት ከ7 ሰዓት ጀምሮ።

ግን ተጠንቀቁ። የሲዳማ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የሚዞረው በአራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ሳምንቱ ሰባት ቀን ነው። ስለዚህ በዚህ ዑደት የሚቆም ገበያ አንዳንዴ እሁድ ላይ ይወድቃል። ያን እሁድ ጨዋታው ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ይዙር። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሰው ሁለቱንም አቆጣጠር አጠገቡ አስቀምጦ ይሥራ። እኔ ቁጭ ብዬ አግዛለሁ።

ሌላው ቡናው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ልጆቹ ለቀማ ላይ ናቸው። አባት «ኳስህን ትተህ ቡና ልቀም» ሲለው ልጁ ምን ይላል? የመጀመሪያው ዙር ከጥር ይጀምር። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ደግሞ ማንም ጨዋታ አያስብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። የገበያውን ነገር እኔ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ የመጀመሪያው ጨዋታ ከብት መሃል ነበር የሚሆነው።

ከገንዘብ ያዡ

እኔም አምኛለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመር፣ የሜዳው ይዞታ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ሜዳ ነበረው። ስሙን አልጠራም። አንድ ክረምት ድንጋይ ተራገፈበት፣ በዓመቱ ግንብ ሆነ። ስንጠይቅ «ሜዳ ለመሆኑ ወረቀት አላችሁ?» አሉን። አልነበረንም። ሁላችንም እዚያ ነበር የተጫወትነው፤ ወረቀት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ጎል አስተካክለን፣ መረብ ዘርግተን፣ መጸዳጃ ሠርተን፣ በኋላ ቦታውን ቢወስዱትስ? የይዞታ ማረጋገጫ ከሁሉም በላይ ይሁን። የዘንድሮው ገንዘብ ቢቀርብን የከርሞ እንጠይቃለን። ሜዳው ከሄደ ግን ሄደ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ተስማምቻለሁ። እንግዲህ አዲሱ ጽሑፍ ይኸውላችሁ። አንብባችሁ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ።

«እኛ በሀዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ያለን ቡድኖች፣ በክልል ደረጃ የምናደርገው ውድድር በየከተማችን ሜዳ በደርሶ መልስ እንዲካሄድ እንጠይቃለን። ለአንድ የውድድር ዓመት ይሞከር። ጨዋታው እሁድ ይሁን፤ ሴቶች ቀድመው፣ ወንዶች ቀጥለው ይጫወቱ። የመጀመሪያው ዙር ከቡና ለቀማ በኋላ በጥር ይጀምር። ሜዳዎቻችንን ለክተን ያለውንና የጎደለውን አያይዘናል። የግብ እንጨት፣ የመስመር ጄሶ፣ በጓሮ በኩል የሚዘረጋውን መረብና የሜዳ ጽዳት በራሳችን ጉልበትና መዋጮ እንሸፍናለን። ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው የሜዳውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ መልበሻ ክፍልና መጸዳጃ፣ በጨዋታ ቀንም አንድ አምቡላንስ ነው።»

ማሊያና ታኬታው በሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። አላወጣሁትም።

የሌሎቻችሁን ሜዳ ልኬት እየጠበቅኩ ነው። ቱላ፣ ይርጋለም፣ እባካችሁ እንደ ለኩ ለክታችሁ ላኩልኝ። በግምት አይሁን፤ በሜትር።

ከቱላ፣ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ

ነገ ጠዋት ከልጆቹ ጋር እንለካለን። ያቺን ግራኝ ልጅም ሜትር ትያዝልኝ ብዬ እጠራታለሁ። እናቷ ለዚህ እንቢ አይሉም።

ከገንዘብ ያዡ

መረቡንና የግብ መረቡን ከጨዋታ በኋላ የሚይዘው ማን ነው? ሜዳ ላይ ከተተወ በማግስቱ አይገኝም።

ከለኩ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ

የእንሰቱ ባለቤት እናት ቤት ይቀመጥ። ዛሬ ማታ ጠይቄያቸው መጣሁ። የብረት ሳጥን አላቸው። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ።