ሳድሱ አሸነፈኝ፤ ፊደል የሠራችሁ እርዱኝ

ለራሴ የፈጠርኩት ቋንቋ 22 ተነባቢዎችና 9 አናባቢዎች አሉት። ፊደሉን እንደ ግዕዙ በየቤቱ ላሰልፈው ብዬ 198 ቅርጾች ተቆለሉብኝ፤ እሱስ ይለመዳል። ያቃተኝ ሳድሱ ነው። በእኛ ፊደል ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ አንባቢው በልማድ ይለየዋል። በእኔ ቋንቋ ግን ትርጉም ይቀይራል፤ «ስትርክ» ተነባቢዎቹ ተጣብቀው ሲነበቡ «ጥላ»፣ ተነጣጥለው ሲነበቡ «ወንዝ» ነው። ሂንዲ እንደሚጻፍበት እንደ ዴቫናጋሪ ፊደል ከፊደሉ ግርጌ አናባቢ የሚያጠፋ ጭረት ሞከርኩ፤ በፍጥነት ስጽፍ ከፊደሉ እግር ጋር ተጣብቆ ሌላ ፊደል መሰለ። የገዛ ጽሑፌን ማንበብ ተሳነኝ! እንደ ኮሪያው ፊደል እንደ ሀንጉል የአንዱን ክፍለ ቃል ድምፆች በአንድ ሳጥን ልሰብስብ ብል አራት ተነባቢ አልገባ አለ። ለአናባቢ አልባው አሥረኛ ቅርጽ ልስጠው (220 ሊሆኑ ነው!) ወይስ ተነባቢና አናባቢን ለየብቻ ልጻፍ? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በእጅ የጻፋችሁትን ብታሳዩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።