ካውንስል የሚልካቸው ኬረሮች ሥራቸውን በአግባቡ እንዲሠሩ ምን ይደረጋል? (እንግሊዝ)

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፤ ለንደን ብቻዋን ትኖራለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በኤጀንሲ በኩል በቀን ሦስቴ ኬረር (ቤት መጥቶ የሚንከባከብ ሠራተኛ) ይልክላታል። በወረቀት እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው። በተግባር ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውልቅ ይላሉ። ሰውም በየቀኑ ይቀያየራል። መዝገቡ ላይ "ምሳ በልታለች" ይላል፤ ማታ ስሄድ ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ እነሱ ሻይ በወተት ያቀርቡላታል። እንግሊዝኛ ስለማትችል መልሷ "ኦኬ፣ ኦኬ" ብቻ ነው። ኤጀንሲው ጋ ስደውል "እናጣራለን" ይሉኛል፤ አለቀ። አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ኬረር ነኝ፦
እኔም የምሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ ሁሌ የኬረሯ አይደለም። ሮታው (የሥራ ሰዓት ድልድሉ) ላይ አንዱ ቤት ባለቀበት ደቂቃ ሌላው ይጀምራል፤ በመሃል ግን ሁለት አውቶቡስ አለ። ያ መንገድ ከእናትሽ ሰዓት ላይ ይቆረጣል። እሱን ማስተካከል የኤጀንሲው ሥራ ነው፤ እናንተ የምትሸከሙት ጣጣ አይደለም።

መጀመሪያ ኬር ፕላኑን (የእንክብካቤ ዕቅዷን) አንብቢ። "ምሳ ስጡ" ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ ኬረር ገብታ ሳህን አስቀምጣ ትወጣለች። "ሽሮውን አሙቁ፣ መብላት እስክትጀምር አጠገቧ ቁጭ በሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀርብም" ተብሎ ይጻፍ። ሌላው፣ ብዙ ኤጀንሲዎች ጋ ኬረሯ ስትገባና ስትወጣ በስልኳ ታስመዘግባለች። የዚያን ሰዓት ዝርዝር ጠይቂ። በእጅ ከሚጻፈው ይልቅ እሱን እመኚ።

ማንችስተሬው፦
የከፈለው ካውንስሉ ነው አይደል? በኤጀንሲ ቢያሠራም ኃላፊነቱ ከላዩ አይወርድም። ስልኩን ተይና ለሁለቱም በጽሑፍ ላኪ፤ ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ ያልተሠራውን። የሽሮውን ፎቶ አያይዢ። መደበኛ ቅሬታ መሆኑን በግልጽ ጻፊ፤ አለዚያ እንደ ተራ አስተያየት ይወስዱታል።

የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2015 ያወጣውን የቤት እንክብካቤ መመሪያ ጥቀሺ። ከግማሽ ሰዓት በታች ጉብኝት የሚደረገው ኬረሯን ሰውየው የሚያውቃት ሲሆን፣ ጉብኝቱ የሰፊ እንክብካቤ አካል ሲሆንና ለተወሰነች ሥራ ወይም ደህንነትን አይቶ ለመውጣት ሲበቃ ብቻ ነው ይላል። የእናትሽ ምሳ እዚህ ውስጥ የት ይገባል?

መልሳቸው ካላረካሽ ወደ ኦምቡድስማን ትሄጃለሽ፤ የአካባቢ አስተዳደርና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ማለት ነው። ክፍያ የለውም። ችግሩን ካወቅሽ 12 ወር እንዳያልፍ ብቻ።

ነርሷ፦
ሲኪውሲንም አትርሱ። ኤጀንሲዎችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ የኤጀንሲውን ሪፖርትና ደረጃ ድረ ገጹ ላይ ታገኚያለሽ። የግል ቅሬታ አይፈታም፤ ግን የምትነግሪውን መዝግቦ ለቁጥጥሩ ይጠቀምበታል። መድኃኒት ከተዘለለ ወይም በተደጋጋሚ ሳትበላ ከዋለች ግን የቅሬታ ወረፋ አትጠብቂ። ዕለቱኑ ካውንስሉ ጋ ደውለሽ የሴፍጋርዲንግ (ሰውን ከጉዳትና ከቸልተኝነት የመጠበቅ) ጉዳይ ነው በያቸው።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እማዬ ግን "ተይ ልጄ፣ ጭራሽ ያስቀሩብኛል" እያለች ታስፈራራኛለች። ካሜራ ባስገባስ?

ማንችስተሬው፦
ቅሬታ ስላቀረባችሁ አይቆረጥም። የሚቀነሰው ፍላጎቷ እንደገና ሲገመገም ነው። ግምገማው ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ፤ ሶሻል ወርከሯም ያንኑ ጽፋ ትሄዳለች። ካውንስሉ አስተርጓሚ እንዲያመጣ ቀድመሽ ጠይቂ። አንቺ ካስተረጎምሽ ያየሽውን የምትናገሪበት ጊዜ አይኖርሽም።

ኬረር ነኝ፦
ካሜራው፣ እናትሽ ራሷ ከተስማማች ሳሎን ላይ ይሁን። መታጠቢያና መኝታ ቤት በፍጹም። ለኤጀንሲውም ንገሪ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የመጨረሻ ነገር ነው፤ ደህናዋም ኬረር ትሸሻለች።

የአክስቴ ጠባቂ፦
ዳይሬክት ፔይመንት ለምን አትጠይቁም? ካውንስሉ ብሩን ለእናትሽ ይሰጣል፤ አማርኛ የምትችል ሰው ራሳችሁ ትቀጥራላችሁ። አክስቴ እንደዚያ ካደረገች ወዲህ ጾሟን የሚያስረዳላት ሰው አላስፈለጋትም። ግን ቀጣሪ መሆን ቀላል አይደለም፤ ደመወዝ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ የዓመት ፈቃድ አለ። አብሯት የሚኖር ዘመድ ደግሞ ካውንስሉ ለይቶ ካልፈቀደ አይቀጠርም።

የእማዬ ልጅ፦
እኔ አብሬያት አልኖርም፤ ታዲያ እኔን መቅጠር ትችላለች?

የአክስቴ ጠባቂ፦
ትችላለች። ግን አንቺ ስትታመሚ ማን ሊገባ ነው? እሱን ሳትጨርሺ ሥራሽን እንዳትለቂ።

የእማዬ ልጅ፦
ልክ ነሽ። ለጊዜው በቅሬታው ልጀምር። ደብዳቤውን እዚህ ብለጥፈው የሚያይልኝ አለ?

ማንችስተሬው፦
ለጥፊው፣ እናየዋለን። የእናትሽን ስምና አድራሻ፣ የኤጀንሲውንም ስም ሰርዘሽ።