«ኸሪ አፕ» ስድብ ነው እንዴ?

የጠዋት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ ገና ሰባት ወሬ ነው። ትናንት አንዲትን ባልቴት ለቁርስ ሳለብሳቸው የሹራባቸውን ቁልፍ ራሴ ካልቆለፍኩ አሉ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቁርስ ሊነሳ ዐሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ፈገግ ብዬ «ኸሪ አፕ» አልኳቸው። እጃቸውን ከቁልፉ አንስተው ዝም ብለው አዩኝ። በኋላ ኃላፊዬ ጠርታ «እንደዚያ አይባልም» አለችኝ። እኔ እኮ «ቶሎ በሉ እማማ» ማለቴ ነው! ቃሉ ውስጥ ስድብ አለበት? ደግሞ እኔ ስቸኩል ምን ልበል? «አይ ኸሪድ» ስል ሰው ግራ ይገባዋል።

ጡረተኛ መምህር፦
አይዞሽ ልጄ፣ ስድብ አይደለም። ግን አማርኛሽ ውስጥ «በሉ» አንቱታውን ተሸክሟል፣ «እማማ» ደግሞ ማር ጨምሮበታል። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም የሉም፤ የቀረው ትእዛዙ ነው። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል። ለታላቅ ሰው ግን ምክንያቱን ንገሪና እጅሽን ዘርጊ፦ «ብሬክፋስት ኤንድስ ኢን ቴን ሚኒትስ፣ ካን አይ ኸልፕ ዊዝ ዘ በተንስ?» ቁርሱ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ያበቃል፣ ቁልፎቹን ላግዝዎት? ማለት ነው።

«አይ ኸሪድ» ያመጣብሽ የራሳችን ግስ ነው። «ቸኩያለሁ» መልኩ ያለፈ ይመስላል፣ የሚናገረው ግን አሁን ያለሽበትን ነው፤ እንደ «ደክሞኛል»። «ኸሪድ» ያልሽው ፈረንጅ «ቸኮልኩ» ብሎ ነው የሚሰማሽ፣ ያበቃ ነገር። «አይም ኢን ኤ ኸሪ» በይ። መሃል ያለችውን «ኢን ኤ» ከዋጥሻት ደግሞ ስሜ ሃሪ ነው ያልሽ ይመስላል!

ባለ ታክሲው፦
ተሳፋሪ «ኖ ራሽ» ካለ አያስቸኩልም ማለቱ ነው። «ዶንት ራሽ ሚ» ካለሽ ግን አታጣድፊኝ ነው፣ ተቆጥቷል። እኔ የመጀመሪያውን ብሎኝ ሰዓቱን በየደቂቃው የሚያይም ገጥሞኛል፣ እሱን መዝገበ ቃላት አይፈታውም።

ከለንደን፦
እኛ ጋ አነጋገሩም ይለያል፣ ወደ «ሀሪ» ይጠጋል፤ አሜሪካኖቹ ናቸው «ኸር» ብለው የሚጀምሩት። አንድ ልጨምር። የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ምግብ ቤት «አይም ኢን ኖ ኸሪ ቱ ጎ ባክ» አለችኝ። አልቸኩልም ማለቷ መስሎኝ «እሺ፣ በሚቀጥለው ወር እንሂዳ» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። ለካ ሁለተኛ እዚያ ቤት አልደርስም ማለቷ ኖሯል።

የጠዋት ፈረቃ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እንዳሉኝ አልኳቸው። ከላይ ሦስቱን እሳቸው ቆለፉ፣ ከታች ሁለቱን እኔ። ቁርሱ ላይ ደረስን፣ ሻዩ ግን ቀዝቅዞ ጠበቀን።