የኦነርስ ኮርስ ጥያቄያችን፦ የትኛውን ዓይነት እንጠይቅ? (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን ለኦነርስ ኮሌጁ (ለጎበዝ ተማሪዎች ጠለቅ ያለ ትምህርት ለሚሰጠው የዩኒቨርሲቲያችን ክፍል) የሚያስገባው ሐሳብ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ረቂቁ ላይ ግን አራት ጥያቄ ደርድረናል፦ የኦነርስ ሴክሽን (የተራ ኮርስ ትንሽ ክፍል)፣ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት)፣ ኮንትራትና ሴሚናር፤ ሁሉን ከጠየቅን አንዱንም አናገኝም። የቱ ይውጣ?

3ኛ ዓመት ባዮሎጂ፦ የኦነርስ ሴክሽኑ ይውጣ። ኬሚስትሪን ከትልቁ አዳራሽ አውጥቶ ሃያ ሰው ይዞ መማር ማን ይጠላል? ግን መምህርም በጀትም ስለሚፈልግ ዲፓርትመንቱ ነው የሚወስነው። የእኛ ደብዳቤ አይደርስበትም።

4ኛ ዓመት ፖለቲካል ሳይንስ፦ እስማማለሁ። ቴሲሱም ይውጣ፣ ለፈለገ አሁንም ክፍት ነው። ኮንትራቱ ግን ይቆይልኝ። ብዙዎቻችን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) የተዛወርን ነን፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦነርስ ኮርሶች አልፈውናል። በኮንትራት ግን የተመዘገብክበትን ተራ ኮርስ፣ ከመምህሩ ጋር ተስማምተህ ተጨማሪ ሥራ ሠርተህ፣ በኦነርስ ታስይዘዋለህ።

2ኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ወንድሜ፣ ኮንትራት ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። ፎርሙ ሴሚስተሩ እንደተከፈተ ተፈርሞ መግባት አለበት፤ መምህሩ ደግሞ ለልፋቱ የሚጨመርለት የለም። አንዱን ብጠይቀው «እሺ፣ አሥር ገጽ ጨምሪ» ብሎ አሰናበተኝ። ማታ ለምሠራ ሰው አሥር ገጽ ምን ይፈይድልኛል? ቅጣት እንጂ ኦነርስ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ሴሚናሩን እላለሁ። ትንሽ ክፍል፣ ከየዲፓርትመንቱ የመጣ ተማሪ፣ ውይይት። በ1966 የተመሠረተው የአሜሪካ የኦነርስ ፕሮግራሞች ማኅበር፣ ናሽናል ኮሌጂየት ኦነርስ ካውንስል፣ «ሲቲ አዝ ቴክስት» (ከተማን እንደ ጽሑፍ ማንበብ) የሚለው አሠራር አለ፤ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ሆነው ሰፈር ይዞራሉ፣ ያያሉ፣ ያነጋግራሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። ብዙ ሐበሻ ያለባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገባችን አይደል! አንድ የሐበሻ ሱቅ መግባት ይበቃል፦ ካሸሩ ጎን እንጀራ በላስቲክ ተደርድሯል፣ በሩ ላይ የለቅሶ ማስታወቂያና የሚከራይ ክፍል ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። እንጀራውን ማን ጋገረው? ጤፉ ከአይዳሆ ነው ወይስ ከአገር ቤት? ለቅሶውን የሚያስተባብረው የትኛው እድር ነው? ኢኮኖሚክሱም፣ ግብርናውም፣ ሶሲዮሎጂውም እዚያው ነው።

3ኛ ዓመት ባዮሎጂ፦ ይኼ ጥሩ ነው! ግን ሰውን እንደ ሙዚየም ዕቃ እያዩ መዞር እንዳይሆን። ባለሱቁ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ፎቶ ያለፈቃድ አይነሳ። ይኼ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

4ኛ ዓመት ፖለቲካል ሳይንስ፦ እሺ፣ ኮንትራቱን ለቀቅኩ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስዋርትሞር ኮሌጅ በ1922 በጀመረው የኦነርስ ፕሮግራም ተማሪውን በመጨረሻ የሚፈትኑት ከሌላ ተቋም የሚጋበዙ ምሁራን ናቸው። እኛስ የማጠቃለያ ሥራውን ከውጭ ሰው ፊት ብናቀርብስ? አንድ የእድር ሰብሳቢ፣ አንድ ነጋዴ ተጋብዘው ይጠይቁን።

2ኛ ዓመት ነርሲንግ፦ ጋሼዎቹ አያላሉንም፣ እወቁት 😄 ማርኩን ግን መምህሩ ይስጥ፤ ያለዚያ ኮሌጁ አይቀበለውም። ሰዓቱም ማታ ይሁንልን። ቀን ከሆነ ለሠራተኛ ተማሪ ያው እንደ ኮንትራቱ የወረቀት ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ረቂቁ ይኼ ነው፦ አንድ የማታ ሴሚናር፣ በአሥራ አምስት ተማሪ፣ ግማሹ ቦታ ከማኅበራችን ውጭ ላሉ ክፍት ሆኖ፤ ጉብኝቱ በባለቤቶቹ ፈቃድ፤ ማጠቃለያው በእንግዶች ፊት። አሁን የጎደለን የሚያስተምር ሰው ነው። ያለ መምህር ፊርማ ማመልከቻው አይታይም። አንትሮፖሎጂ ኮርስ የወሰዳችሁ፣ የትኛውን መምህር ቀርበን እናናግር?