ክርክር፦ የመልቲሚዲያ ፕሮጀክትና ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ነጥብ ሊያዝላቸው ይገባልን?

አወያይ፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የድምፅና የቪዲዮ ፕሮጀክት እየሠሩ ሥራቸውን በዲጂታል ፖርትፎሊዮ (የእያንዳንዱ ተማሪ ሥራ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ማኅደር) እንዲያከማቹ፣ ለዚህም ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ እንዲመደብ ሐሳብ ቀርቧል። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

የታሪክ መምህር፦ እደግፋለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበባት ተማሪዎች አዘጋጅተው ማቅረብ እንደሚችሉ ለዓመታት አሳይተውናል፤ ዕድሉ ግን ክበብ ውስጥ ለገቡት ጥቂቶች ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ተማሪዎቼ የ1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ ከመጽሐፍ ካነበቡ በኋላ፣ ያን ጊዜ ለአቅመ አዳም የደረሱ የሰፈራቸውን አረጋውያን አነጋግረው የአምስት ደቂቃ የድምፅ ዝግጅት ይሥሩ እንበል። ከአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ የትኛውን አምስት ደቂቃ እንደሚያስቀሩ መወሰን፣ አረጋዊው የነገሯቸው ከመጽሐፉ ጋር ሲጋጭ ደግሞ ሁለቱንም መርምረው ለአድማጭ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ይህን በምርጫ ጥያቄ መመዘን አይቻልም።

ወላጅ፦ መምህር፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነጥብ የተያዘለት ሥራ በገንዘብ መሠራቱ አይቀርም። በየኢንተርኔት ካፌው አሳይመንት ማሠራት የተለመደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገ ደግሞ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ይጨመራሉ። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር የልጆቻችንን ሰዓት ለዚህ ማዋል ያሳስበኛል።

የአይቲ መምህር፦ በክፍያ ያሠራ ተማሪ ያለቀውን ፋይል ብቻ ይዞ ይመጣል። ፖርትፎሊዮ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ ያልተቆረጠው ቅጂ፣ የመጀመሪያው የጽሑፍ ረቂቅ፣ የመምህሩ እርማት፣ የተስተካከለው ረቂቅና ተማሪው ለምን እንዳስተካከለው የጻፈው ግማሽ ገጽ አብረው ይቀመጣሉ። ነጥቡ ለዚህ ሂደትና ለአጭር የቃል ጥያቄ ይሰጥ፤ ለቪዲዮው ማማር ምንም አይያዝለት። ኢንተርኔትም የግድ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በተማሪው ስም የተከፈተ ፎልደር ይበቃል። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለአራትና አምስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ከተገኘ ለቀረጻው በቂ ነው።

የሒሳብ መምህርት፦ ስለ መሣሪያው ብዙ ተባለ፤ እኔ የማነሣው ስለ አራሚው ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር። የክፍሉን እውነታ ሳይጠይቅ የሚመጣ አሠራር እንዲህ ነው። አሁንም ሒሳቡን እንሥራው፦ አምስት ሴክሽን፣ በእያንዳንዱ 60 ተማሪ የሚያስተምር መምህር 300 ሥራዎችን አምስት አምስት ደቂቃ ቢያዳምጥ፣ የቃል ጥያቄውንና ረቂቁን ሳንጨምር 25 ሰዓት ይፈጅበታል። በአምስት ሰው ቡድን ከሆነ ወደ አምስት ሰዓት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ግን የሠራውንና ስሙን ብቻ ያስገባውን ማን ይለያል?

የታሪክ መምህር፦ የቃል ጥያቄው ይለያል። በዓመት አንድ ፕሮጀክት፣ ለዚያውም በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ከሆነ አይከብድም።

ወላጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የልጆቻችን ፊትም ሆነ የአረጋውያኑ ድምፅ ያለ ፈቃድ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ እንዳይለቀቅ ዋስትና እፈልጋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ትምህርት ቤቱ የተቀረጸውንም ሰው ሆነ የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ይህ ከተሟላና ሥራው ከግቢ ካልወጣ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

የሒሳብ መምህርት፦ እኔ አላነሣም። ፕሮጀክት ለሚያርም መምህር የክፍለ ጊዜ ቅነሳ በጽሑፍ እስካልተፈቀደ ድረስ ሥራው በክበብ ይቀጥል፣ ነጥብም አይያዝለት።