ጓደኛዬ ስለ እኔ ዘጋቢ ፊልም ልስራ ብሎኛል፤ እሺ ልበለው?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ውርርድ ተይዤ ነበር። ደሞዜ ሄደ፣ የሰው ገንዘብ ሄደ፣ እጮኛዬም ሄደች። ካቆምኩ አሁን አሥራ አንድ ወሬ ነው። ጓደኛዬ ፊልም ይማራል፤ የመመረቂያ ስራውን በእኔ ታሪክ ላይ ሊሰራ ፈልጓል። "ስንቱን ሰው ታተርፋለህ መሰለህ" ይለኛል። ውሸቱን አይደለም፤ እኔም ራሴ ነቃ ያልኩት አንድ የማላውቀው ሰውዬ ስለ ሱሱ ሲያወራ በቪዲዮ አይቼ ነው።

ግን ባለፈው ለሙከራ ብሎ ቤታችን ቀረጸኝ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ሳወራ እናቴ ከኋላዬ ልብስ ታጥፋለች። ቪዲዮውን ስናየው ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ። የዕዳዬን መጠን እስክናገር ድረስ እያጠፈች ነበር። ስናገር እጇ ቆመ። ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። ለካ ያን ያህል መሆኑን አታውቅም ነበር። ጓደኛዬ "ይሄ የፊልሙ ምርጥ ሾት ነው" ሲል ሆዴ ተረበሸ። ምን ትሉኛላችሁ? እሺ ካልኩስ ምን ላስፈርመው?

የኤዲት ሰው፦
ወንድሜ፣ ስራዬ ኤዲት ነውና ልንገርህ። ጓደኛህ ልክ ነው፣ ምርጥ ሾት ነው፤ እኔም ባገኘው አልለቀውም። ችግሩም እሱ ነው።

ሰው የሚፈራው ካሜራውን ነው፤ ዋናው ነገር የሚሆነው ግን ኤዲት ክፍል ነው። "ሁፕ ድሪምስ" የሚባለውን በፈረንጆቹ 1994 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ውሰድ። 250 ሰዓት ያህል ተቀርጾ የወጣው ከሦስት ሰዓት በታች ነው። ሌላው ሁሉ ተጣለ። ያንተም እንደዚያው ነው የሚሆነው፤ ሰው የሚያውቅህ በተረፈችው ብቻ ነው። ደግሞ ምንም ሳይዋሽ ሊያጣምምህ ይችላል። ለምሳሌ "ምሳ በላህ ወይ" ሲሉህ ዝም ያልከውን ዝምታ ቆርጬ "እናትህን ይቅርታ ጠይቀሃል?" ከሚለው ጥያቄ ኋላ ባስገባው፣ አለቀ፣ ጨካኝ ልጅ ሆንክ። ስለዚህ ገና ያላለቀውን ኤዲት ካላየሁ ብለህ ያዝ። ካለቀ በኋላ ማየት ምርቃት ላይ እንደመጋበዝ ነው፣ የምትለውጠው ነገር የለም። ከምርቃቱ በኋላ የት እንደሚታይም በጽሑፍ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም።

ተቃዋሚው፦
እኔ እንኳን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሰው የራሱን ታሪክ ራሱ ካስቆረጠ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። ይታይ፣ መቀሱ ግን አይሰጠው። ፈረንሳዮቹ ዣን ሩሽ እና ኤድጋር ሞረን በፈረንጆቹ 1961 በወጣው የፓሪስ ዘጋቢ ፊልማቸው ያደረጉት ደስ ይለኛል፦ የቀረጿቸውን ሰዎች ሰብስበው የተቀረጸውን አሳዩአቸው። አንዱ ውሸት ነው አለ፣ አንዱ ገመናን ማውጣት ነው አለ። እነሱ ምን አደረጉ? ክርክሩን እዚያው ፊልሙ ውስጥ አስገቡት! ጓደኛህ ጎበዝ ከሆነ አሁን የነገርከንን የሆድህን መረበሽ ራሱ ይቅረጸው።

አንዴ የተቀረጸች፦
እነሱ ስለ ፊልሙ ነው የሚያወሩት፣ እኔ ስላንተ ላውራ። ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ድብርቴ ተቀርጬ ነበር። አልተጸጸትኩም፤ ብዙ ሰው ጽፎልኛል፣ እስካሁንም የሚጽፍልኝ አለ። ግን አዲስ ስራ በገባሁ ቁጥር አንዱ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም ካልኩ "ተመለሰባት እንዴ?" መባባል ይጀምራል። ፊልሙ "ዳነች" ብሎ አለቀ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሁለቴ ወድቄ ተነስቻለሁ።

አሥራ አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው፣ ጎበዝ። ለካሜራ ግን ገና ነው ባይ ነኝ። የእንግሊዞቹ "አፕ" የሚባለው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም በፈረንጆቹ 1964 የሰባት ዓመት ልጆችን ይዞ ጀመረ፤ በየሰባት ዓመቱ እየተመለሰ 63 ዓመት እስኪሞላቸው ተከተላቸው። መሃል ላይ በቃኝ ብለው የወጡ አሉ፣ ወጥተው የተመለሱም አሉ። ያ የመውጫ በር ላንተም ይኑርህ። ሌላው፣ ፊርማ ፊርማ ትላላችሁ፣ እናትየዋን የጠየቃት አለ?

ጠያቂው፦
የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ትናንት ማታ ቪዲዮውን ለእማዬ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ እስከ መጨረሻው አየችው። ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። "ዕዳውን ጨረስክ?" አለችኝ። ግማሹ ይቀራል አልኳት። ጓደኛዬን ለጊዜው ቆይ ብዬዋለሁ፤ አኩርፏል።